ሳልጠራሽ አትምጪ

ሰኞ ማታ

ቆዳው አለቀ። ስፖንጅ ስቆርጥ፣ ላስቲክ ስለጥፍ፣ በማስቲሽ ሽታ ራሴን ሲያዞረኝ ከርሜ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ቀጮን አስገባሁበትና ዚፑን ዘጋሁ። ቀጮ ጠፋ። በቦታው ግራጫ፣ ውሃ የነካው የሚመስል፣ ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ ፍጡር ቆመ። አናጢው ሚስማር ፍለጋ በሩን ከፍቶ ሲያየው "ኧረ በእናትህ!" ብሎ መዶሻውን ጥሎ ወጣ። ከጭንብሉ ውስጥ የቀጮን ሳቅ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ።

ፊልሙ ጠፍታ ስለተመለሰች መንኮራኩር ነው። በሯ ሲከፈት ውስጧ ሰው የለም፤ ያለው እሱ ብቻ ነው። እኛ "እንግዳው" እንለዋለን። ጠፈርተኞቹን እያየ መራመድ የተማረ፣ እጃቸውን እያየ እጅ ያበቀለ ነገር ነው። ሰው ይወዳል፤ የነካው ሰው ግን ይሞትበታል። ዳይሬክተሩ ሰብስቦን "የሚያስፈራ ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝንም ፊልም ነው የምንሠራው" አለን። ዝናብ በሚያፈስ መጋዘን፣ በተውሶ መብራት፣ ከማቀዝቀዣ በር በተሠራ መንኮራኩር፣ ማሳዘኑስ አይቀርም አልኩ በሆዴ።

የቆዳው ዚፕ ከጀርባ ነው። ከተዘጋ በኋላ ካሜራ እንዳያየው በላዩ ላስቲክ ለጥፌ ቀለም እቀባዋለሁ። ስለዚህ ቀጮ አንዴ ከገባ በራሱ አይወጣም፤ እኔ በመቀስ ካልቀደድኩለት በቀር። ጮኾም አይሰማም። ምልክት አበጀን፦ ግራ እጁን ከራሱ በላይ ካነሳ "ክፈቱልኝ" ማለቱ ነው። ቀረጻ ላይ እንኳ ብንሆን እኔ እሮጣለሁ።

እራት ላይ እማዬ ሙግት ጀመረች። "የሰው ልጅ ጠፍቶ ነው ወንድምሽን ጎማ ውስጥ የምትከቺው?"

"ቀጭን ሰው ነው የሚፈለገው፣ እማ።"

"ፊትህ ካልታየ ምኑን ተዋናይ ሆንክ?" አለችው ወደሱ ዞራ።

ቀጮ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል፤ ተዋናይ የመሆን ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳሳበደው ነው። ተነስቶ በወጥ ቤቱና በጠረጴዛው መሃል እንደ እንግዳው እየተጎተተ ሄደላት። "በእጄ ነው የምጫወተው፣ እማ። እጄን አይተሽ ካልለየሽኝ እናቴ አይደለሽም!" ሳቀች፤ ጉልበቷን እያሻሸች ሳቀች። ልተኛ ስሄድ ግን ጠራችኝና "ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ" አለችኝ። መች ነቅዬ አውቃለሁ።

ረቡዕ

ሙቀቱ አይጣል ነው። የመጋዘኑ ጣራ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ደግሞ እነዚያ መብራቶች። ጭንብሉ ውስጥ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ አስገብቼለት ነበር። ድምፅ ቀጂው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "ማነው ዝንብ ያስገባብኝ?" አለ። በቀረጻ ሰዓት እንድትጠፋ ተወሰነ። በየመሃሉ አበራታለሁ፣ በቀጭን ቱቦ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ቀጮ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ሲወጣ ከቦት ጫማው ላብ ገለበጥን። "ይሄን ለተማሪዎቼ ባሳያቸው ሁለተኛ ሩጡ ስላቸው አያማርሩም" አለኝ።

ሲራመድ አየሁት። ወንድሜ ይችላል። ይሄን ስጽፍ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። እንግዳው ተዋናይቷን በመስታወት ውስጥ አይቶ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ መብራት የያዘው ሰውዬ እንባውን ጠረገ፤ ላብ ነው አለ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ተዋረድኩ፤ እሱንም አዋረድኩት። እንግዳው በጠባቡ ኮሪደር ወደ ተዋናይቷ እየመጣ ሳለ ግራ እጁ ወደ ላይ ተወረወረ። እኔ ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። መቀሱን ይዤ ካሜራው ፊት ገባሁ፣ ዘልዬ ተጠመጠምኩበት፣ ጀርባውን ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ሸረከትኩት። ቀጮ በላብ ተነክሮ አንገቱን አወጣና "ምን ሆንሽ?" አለኝ። ለካ እግሩን የመብራት ገመድ ጠልፎት ግድግዳ ሊደገፍ ነው።

መጀመሪያ ካሜራማኑ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ተዋናይቷ እንኳ በተቀባችው ደም ላይ እየሳቀች ቀለሙን አበላሸችው። ያልሳቀው ዳይሬክተሩ ነው። አጠገቤ መጥቶ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ስሚ፣ እኔ ባለሙያ ነው የቀጠርኩት፤ እህት አይደለም" አለኝ። ቆዳው እስኪሰፋ ቀረጻው ቆመ።

አውቶቡስ ውስጥ ቀጮ እስከ ሰፈራችን መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ልንወርድ ስንል "እታለም" አለኝ።

"አቤት።"

"በሰው ፊት ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።"

"እጅህን አነሳህ።"

"ሚዛን ስቼ ነዋ! ስጠራሽና ስንገዳገድ መለየት አቃተሽ? አንዴ ነው ይሄን ዕድል ያገኘሁት። በእናትሽ፣ ሳልጠራሽ አትምጪ።"

እሺ አልኩት። ልክ ነው። እኔ ሁሌም ነገር አበዛለሁ። ልጅ እያለ ዛፍ ላይ ሲወጣም ከሥሩ ብርድ ልብስ ዘርግቼ የምቆም እኔ ነበርኩ፤ የሰፈር ልጆች እስኪስቁበት ድረስ። ነገ ልብ ገዝቼ እቆማለሁ።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ጀርባው ተሰፍቶ ደርቋል። የግራው ጓንት የቀለበት ጣት ግን ተቀዶ አገኘሁት፤ በቁራጭ ላስቲክ ለጠፍኩት፣ ያስታውቃል። ዳይሬክተሩ አዲስ ነገር አመጣ። መጨረሻ ላይ በሩ ሲዘጋበት እንግዳው እጁን ያንሳ። "ይሰናበት ይለምን አይታወቅ።" የትኛውን እጅ አልኩት። "ቀኙን። ግራው ተለጥፎ ያስጠላል።" ለቀጮ ነገርኩት፣ ደግሜ ነገርኩት፤ ቀኝ፣ ቀኝ አልኩት። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ማራገቢያዋ ጠፍታለች። እየጠሩኝ ነው።

ዓርብ፣ ሆስፒታል

ትንፋሽ አለው ይላሉ። ከመስታወቱ ማዶ ነው። አያስገቡኝም።

እጁን አነሳ። በስክሪፕቱ ነበረ። እጁን ያነሳል ተብሎ ነበር፣ አነሳ። ከዚያ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ዳይሬክተሩ "ከት" ሲል አንድ ሰው አጨበጨበ። መቀሱ አልገባ አለኝ፤ ትናንት ደርቤ ሰፍቼዋለሁ። ደርቤ ሰፍቼዋለሁ።

እማዬ ታክሲ ይዛ እየመጣች ነው።

ቅዳሜ

ጥፍሩ ሥር ግራጫ ቀለም አለ። ነርሷን ለምኜ በጥጥ አጸዳሁለት። ሐኪሙ ስለ ሙቀትና ስለ አየር ሲያስረዳን እማዬ የምትሰማው ከአፉ ሳይሆን ከዓይኑ ነበር። "ትንሽ ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን" አለ።

እሑድ

ቀጮ የለም።

ሐሙስ፣ ለቅሶ ቤት

ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ወንበር ከጎረቤት መጣ፣ ወንበር ወደ ጎረቤት ሄደ። ተማሪዎቹ በመስመር ገቡ፤ ስታስተምረው የነበረች አሮጊት መምህርቱም መጣች። አጎቴ በሩ ጋ ሆኖ ለአንዱ ሲያወራ ሰማሁት፦ "እህትየው እዚያው ነበረች አሉ።" "እዚያው?" "አጠገቡ።"

ሰው ሲቀንስ እማዬ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። "አንቺ የት ነበርሽ?" አለችኝ።

"ካሜራው ጎን።"

"ታይው ነበር?"

"አየው ነበር፣ እማ።"

ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። "ከዓይንሽ ሥር ተሠወረብሽ፣ የኔ ምስኪን" አለችኝ። ይሄን ከምትለኝ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደሚሻለኝ አላውቅም። እኔ ምን አደረግኩ?

ማክሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራን። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃ አስመጣልኝ። "ከመውደቁ በፊት ምልክት አላሳየም?" አለኝ።

"እጁን አነሳ። እሱ ግን በስክሪፕቱ ነበረ" አልኩት።

ጻፈው። አነበበልኝ። ፈረምኩ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ ዳይሬክተሩም፣ ካሜራማኑም፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው ያሉት። ኮሪደሩ ላይ ዳይሬክተሩ አቀፈኝና አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አይደለም። "እኔ አንቺን ነበር የማየው" አለኝ። "እጁ ሲነሳ ወደ አንቺ ዞርኩ። አልተንቀሳቀስሽም። እሷ ካልሮጠች ትወናው ነው አልኩ።"

ሌሊቱን ሁሉ ይቺን ነገር ሳመነዥካት አደርኩ። እንዴት እኔን ያያል? ካሜራውን ነው እንጂ ማየት ያለበት።

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ዝናብ

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሆነናል። እማዬ አሁንም ሦስት ሳህን ታወጣለች፤ ታስታውስና አንዱን ትመልሳለች። እኔ አላየሁም እላለሁ።

ሰኞ

ኤዲተሯ ጠራችኝ። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ስክሪን፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለድምፅ የተለጠፈ። "ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት እንዳታዪው ብዬ ነው" አለች። ጥሩ ልብ አላት።

በሩ መዘጋት ይጀምራል። እንግዳው ቆሟል። እጁ ይነሳል። ከዚያ ምስሉን አቆመችው፤ በጣቷ ስክሪኑን ነክታ "ቀኝ አልነበር የተባለው?" አለችኝ። "ወረቀቴ ላይ ቀኝ ይላል።"

የተለጠፈው ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ተሳስቶ ይሆናል" አልኩ።

ቀጠለች። እጁ ብዙ ይቆያል። ለካ ያን ያህል ቆይቷል። ደግሞ ተዋናይቷን አይደለም የሚያየው። ጭንብሉ በቀስታ ከሷ ይዞርና ከካሜራው ጎን፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ዕቃ አልነበረም። እዚያ የቆመ ሰው ነው የነበረው።

"ይሄን አውጪው" አልኳት።

"ዳይሬክተሩ ያለዚህ ፊልም የለም ብሏል። የቤተሰብ ፈቃድ ግን ይፈልጋል። እናትሽን ሊያናግር ነው።"

ረቡዕ

ዳይሬክተሩ ፂሙን ተላጭቶ፣ ብርቱካን ይዞ መጣ። እማዬ ፊት ሲቀመጥ ከኔም ከሱም ማን እንደሚያሳዝን አላውቅም። "እማማ፣ ልጅዎ የሠራው የመጨረሻ ነገር ነው። ከሠራው ሁሉ ይበልጣል። አይሆንም ካሉኝ ግን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" አላት።

"ፊቱ ይታያል?"

"ፊቱ ጭንብል ውስጥ ነው። እጁን ሲያነሳ ነው።"

"እጁ" አለች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አገላበጠቻቸው። "በእጄ ትለዪኛለሽ ብሎኝ ነበር።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንቺስ? የሥራው ሰው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

አፌ ውስጥ ነበረ። እማ፣ ያ እጅ ሰላምታ አይደለም ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፤ እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ።

"እንዳልሽው፣ እማ" አልኩ።

"ተዉት" አለችው። "ልጄ ይታይ።"

ብርቱካኑን ልጣ ለሦስታችን አካፈለች።

ዓርብ፣ ምረቃ

ትልቁ ሲኒማ። እማዬ አልሄድም አለች፤ ልቤ አይችልም አለች። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ገና እንግዳው ብቅ ሲል ከፊት አንዱ "ላስቲክ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በወጣ ቁጥር "ላስቲክ! ላስቲክ!" ሆነ። እጁ ሲነሳ ግማሹ ሰው ወጥቷል።

ጋዜጣው "ስፌቱ የሚታይ ፍርሃት" ብሎ ጻፈ። ስፌቱ አይታይም! ደርቤ ነው የሰፋሁት። ያን ቀን ሦስት ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊከፍትለት ፈልጎ ያጣውን ስፌት ጋዜጠኛው ከወንበሩ አየው። ተናድጄ ስጨርስ ስለ ምን እንደተናደድኩ ገባኝና ጋዜጣውን ጣልኩት።

ሐሙስ

ፊልሙ ከሲኒማው ወረደ። እማዬን "አልሆነም" አልኳት። "አይ ልጄን" አለች። እኔ ግን ስወጣ መንገድ ላይ እግሬ ቀለለኝ። ማንም አላየውም። አለቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ዝናብ

አላለቀም። ከገበያው ጀርባ ያለችው አሮጌ ሲኒማ ማሽኒስት፣ ፊልም አጫዋቹ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ወፍራም መነጽር ያለው ሰውዬ ነው። ፊልሙን ርካሽ ስለሆነ ወስደውት ቅዳሜ ከሰዓት የሞተ ሰዓት ላይ ያሳዩታል። "መጀመሪያ ከዝናብ የሚሸሽ ሰው ብቻ ነበር የሚገባው" አለኝ። "አሁን ቀድመው የሚሰለፉ አሉ። ያው ልጆች በየሳምንቱ ይመጣሉ። ንግግሩን ከተዋናዮቹ ቀድመው ይሉታል። ያቺ መንኮራኩር ስትመጣ የማቀዝቀዣው እጀታ ትታያለች አይደል? እሷን ሲያዩ በጭብጨባ ነው የሚቀበሏት።" ሳቀ። ከዚያ ጫማውን እያየ "እንግዳው ላይ ግን አይስቁም" አለ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ላየው ብዬ አይደለም፤ ሊያልቅ ሲል ደርሼ በሩ ጋ ቆምኩ።

ወጣቶች ናቸው፤ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ መኪና የሚጠግን፣ ሥራ የሌለው። ብዙዎቹ ግራ እጃቸው ላይ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አድርገዋል፤ ግራጫ ቀለም ቀብተውታል። የቀለበት ጣቱ ላይ ቁራጭ ላስቲክ ለጥፈዋል። እኔ ዓርብ ጠዋት በጥድፊያ የለጠፍኩትን።

መጨረሻው ሲደርስ ሲጮህ የነበረው አዳራሽ ፀጥ አለ። እጁ ተነሳ። የነሱም ተነሳ። አዳራሹ ሙሉ ግራ እጅ ሆነ፤ በሩ እስኪዘጋ አንድም አላወረደም። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ያዝኩ።

የፋርማሲዋ ልጅ ተከትላኝ ወጣች። ማሽኒስቱ ነግሯት ኖሯል። "እርስዎ ነዎት አይደል ቆዳውን የሠሩት? በናትዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለምን ወደኛ ዞረ?"

"በስክሪፕቱ ነበረ።"

"አውቄዋለሁ!" አለች፤ በደስታ ጓንቷን አጨበጨበች። "ሌላ ቦታ ጭራቅ የሚመጣው ሰው ሊበላ ነው። ይሄ ግን ሰው እንዲመጣለት ነው የሚጠብቀው። ዘጠኝ ጊዜ ሳልሆን አልቀርም ያየሁት። ሁሌ ግን ዛሬ የሆነ ሰው ይመጣለታል እላለሁ።"

ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ መጣሁ።

ሰኞ

የጎረቤታችን ልጅ ለእማዬ ነገረቻት። "ልጅሽን እኮ ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ነው የሚያየው" አለቻት። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ፀጉሯን ታጠበች። "ትወስጂኛለሽ" አለችኝ።

"ደረጃው ብዙ ነው፣ እማ። ጉልበትሽ..."

"ጉልበቴ የኔ ነው።"

ሐሙስ

ሳል ይዞኛል አልኳት። ሎሚ ቆርጣ ሰጠችኝ። "እስከ ቅዳሜ ይለቅሻል" አለች።

ቅዳሜ ማታ

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አደርገዋለሁ።

ማሽኒስቱ ለእማዬ ከመሃል ጥሩ ቦታ ያዘላት። ማን እንደሆነች ተወርቶ ስለነበር ልጆቹ እየተነሱ አሳለፏት። የእንግዳውን አረማመድ ስታይ "እሱ ነው፣ እሱ ነው" እያለች ጭኔን ትመታኛለች። ወጥ ቤት ውስጥ ያሳያትን ስታይ እየሳቀች አለቀሰች። ይሄን ያህል ደስ ብሏት ሳያት፣ ከዚህ በኋላ ሙሉ ዕድሜዬን ዝም ብል ምን አለበት አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነበር።

በሩ መዘጋት ጀመረ። እጁ ተነሳ። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ አነሱ። እማዬ ግራ ቀኟን አየችና እሷም አነሳች፤ ግራዋን፣ እንደነሱ። ጭንብሉ ዞረ። ዞሮ እኔ ላይ ቆመ። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እሷ፣ ሁለቱም እጃቸውን አንስተው።

ያን ቀን አይቼዋለሁ። ግራ መሆኑን አይቻለሁ። ጣቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ከመጋዘን ጫፍ ሆኜም እለየዋለሁ። መቀሱ እጄ ላይ ነበር። እግሬ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው ትዝ አለኝ። ሳልጠራሽ አትምጪ ያለኝ ትዝ አለኝ። እየጠራኝ እያየሁት፣ ምናልባት ግራና ቀኙን አምታትቶ ይሆናል አልኩ፤ አሁን ብሮጥና ባይሆንስ አልኩ። ትንሽ ልየው አልኩ።

"ክፈቱለት!"

የኔ ድምፅ ነው። ቆሜያለሁ። "አቁሙ! ክፈቱለት! እየጠራ ነው፣ ክፈቱለት!" እያልኩ በሰው እግር ላይ እየተራመድኩ ወደ ስክሪኑ ልሄድ ስል አንድ ልጅ ያዘኝ። በሩ ተዘጋ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

እማዬ አላጨበጨበችም። እጇ እንደተነሳ ቀርቶ ነበር። በቀስታ አወረደችው።

እሑድ

እስከ ቤት አላናገረችኝም። ዛሬ ጠዋት ሳህን ስታጥብ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ይጠራሽ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማ።"

"አውቀሽ ነበር?"

"አዎ።"

ውሃው ይፈስ ነበር። ዘጋችው። ክፍሏ ገብታ በሩንም ዘጋችው።

ረቡዕ

ሁለት ሳህን ታወጣለች። አንዱን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ነገ መርማሪው ጋ ሄጄ የፈረምኩትን አስተካክላለሁ። ማስተካከል እንዳለብኝ ያወቅኩት ዛሬ አይደለም።

ሐሙስ

ሄድኩ። መርማሪው ሰምቶኝ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ስለምን አሁን?" አለኝ። እናቴ ስላወቀች አልኩት። ዳይሬክተሩን እንደገና እንደሚጠራው ነገረኝ። ውሃ አላስመጣልኝም።

ቅዳሜ

"ልበሺ" አለችኝ የክፍሌ በር ላይ ቆማ። ከእሑድ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃሏ ነው።

"የት?"

"ልጄ ጋ።"

ያው ቦታ ተቀመጥን። በመካከላችን ቦርሳዋን አስቀመጠች። እጁ ሲነሳ የሁሉም እጅ ተነሳ። ከዚያ የፋርማሲዋ ልጅ፣ ከፊት፣ ብድግ ብላ "ክፈቱለት!" አለች። ሌላው ተቀበላት። ሌላው። ሌላው። ለካ ባለፈው ሳምንት የኔን ጩኸት ወደውታል፤ የጨዋታቸው አንድ ክፍል አድርገውታል። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ፣ እግሩን ወለሉ ላይ እየመታ፣ "ክፈቱለት! ክፈቱለት!" ይል ጀመር። የጣራው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

እማዬ የፊቷን ወንበር ይዛ ተነሳች። ከነሱ ጋር ጮኸች። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ፣ ልጇ ማዶ እንደሚሰማት ሁሉ፣ ጮኸችለት። እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። በሩ እንደ ሁልጊዜው ተዘጋ።

መብራቱ ሲበራ ወደኔ ዞረች። ፊቷ ርሷል።

"አየሽ?" አለችኝ። "አንድ ቃል ነበረች።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት። ደረጃው አናት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መውረድ ለጉልበቷ ይከብዳል፣ መደገፊያውም ተሰብሯል። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ስሜንም አልጠራችም። ሳትጠራኝ ሄጄ ክንዴን ሰጠኋት።